ቴክኖሎጂን በእናቶቻችን ቋንቋ እንጻፍ



ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሄደ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ገና ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ ጥያቄ ይጠብቀናል። «ይሄ ስልክ ለምን ይግላል?» «ዋይፋዩ ሳሎን እየሠራ ጓዳ ለምን አይደርስም?» «ፍሪጁ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ አያቀዘቅዝም፤ እስቲ እየው።» ጠያቂዎቹ ትክክል ናቸው። ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ የላኩት እንዲያውቅላቸውም ጭምር ነው። የሚያስተዛዝበው የብዙዎቻችን መልስ ነው። «እኛ የምንማረው እንዲህ ያለ ነገር አይደለም» ብለን እናልፋለን።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ቴክኖሎጂን በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች ያወቅነውን በቤተሰቦቻችን ቋንቋ፣ በጽሑፍ፣ አጣርተን የማድረስ ዕዳ አለብን። ዕዳው ስንመረቅ የሚጀምር አይደለም። አሁን በተማሪነታችን መክፈል የምንችለው ነው።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ስለ ስልክ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ቤት ኤሌክትሪክ በአማርኛ አጫጭር ጽሑፎች ስጽፍ ቆይቻለሁ። እያንዳንዱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ ነው። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በሰፈር ሱቅና በስልክ ጥገና ቤት ይለጠፋል፤ ፎቶው ተነሥቶም በስልክ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ገንዘብ አላገኘሁበትም። ከሌክቸርና ከላብራቶሪ ባልተናነሰ ግን አስተምሮኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የአክስቴ ነበር። «ምጣዱን ሰክቼ ስቶቩን ስጨምር መብራቱ ይጠፋል። ሠራተኛ ስጠራ ብሬከሩን በትልቅ እንቀይረው ይለኛል። ይቀይረው?» አለችኝ። በስልክ ብመልስላት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤቶቿም በዚሁ ጉዳይ ይቸገሩ ስለነበር ጻፍኩት። ሒሳቡ ቀላል ነው። የተለመደው የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። 3,500ን ለ220 ስናካፍል ወደ 16 አምፒር ይመጣል። 2,000 ዋት የሚወስድ ስቶቭ ሲጨመርበት ሌላ 9 አምፒር አለ። ድምሩ 25 ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለው ብሬከር 20 አምፒር ከሆነ፣ መውረዱ ብልሽት ሳይሆን ሥራው ነው።

አደጋው ያለው «በትልቅ እንቀይረው» የሚለው ላይ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ የሚችለው ጭነት ልክ አለው። ሽቦውን እንደ አህያ፣ ብሬከሩን «በዛ!» ብሎ እንደሚጮህ ሰው አስቡት። ጯሂውን ዝም ብናሰኘው ጭነቱ አይቀልም። ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩ ብቻ ከተለቀ መብራቱ አይጠፋም፤ ሽቦው ግን በግድግዳው ውስጥ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ቤት ሊያቃጥልም ይችላል። ስለዚህ መልሱ ሁለት ነው፤ ወይ ሁለቱን በየተራ መጠቀም፣ ወይ በሙያተኛ ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ማስዘርጋት። ይህን ሁሉ የሚያስረዳው ቀመር በሁለተኛ ሴሚስተር የተማርነው፣ ኃይል እኩል ይሆናል ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት የሚለው ነው። ፈተና ላይ ሁላችንም ሠርተነዋል። ለአክስቴ ግን ማንም አልሠራላትም ነበር።

ኪታቡ በዐረብኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ

መድረሳ የቀራችሁ ሁሉ ይህን ታስታውሳላችሁ። ሸይኹ የኪታቡን መስመር በዐረብኛ ያነባሉ፤ ከዚያ ቆም ብለው በአማርኛ ይፈቱታል። «ኒሳብ» የሚለው ቃል ኒሳብ እንደሆነ ይቀራል። ትርጉሙ ግን በበግና በፍየል፣ በእህልና በወርቅ ይብራራል። በቤቱ በግ ያለው ደረሳ አርባ የሚለውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ኪታቡ በአማርኛ ስለተብራራ ዋጋው ቀነሰ ያለ ማንም የለም። እንዲያውም ቃሉን ብቻ ሸምድዶ ትርጉሙን መፍታት ያቃተው ደረሳ ገና እንዳልጨረሰ ይቆጠራል።

የወሎ ዑለማዎች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ፣ አጀም በምንለው ስልት፣ ዐረብኛ ለማያውቀው ሕዝብ ትምህርት አድርሰዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሸይኽ ጠልሐ ቢን ጃዕፈር በዚህ የታወቁ ናቸው። ዐረብኛ አላነሳቸውም፤ ዐረብኛቸው ሙሉ ነበር። በአማርኛ የጻፉት አድማጫቸውን አይተው ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። «ኢምፒዳንስ»፣ «ባንድዊድዝ»፣ «ኢንክሪፕሽን» የሚሉትን ቃላት ከነትርጓሜያቸው እንጽፋለን፤ ውጤትም እናገኛለን። በአማርኛ አስረዳ ሲባል ግን ብዙዎቻችን እንደናቀፋለን። ይህ የአማርኛ ድህነት ብቻ አይመስለኝም። ኪታቡን አንብበን ፍቺውን ሳንይዝ የምናልፍበት አካሄድ ነው። አንድን ነገር ቤት ላለ ሰው በራሱ ቋንቋ ለመጻፍ ስንቀመጥ፣ የቱን እንደተረዳነውና የቱን እንደሸመደድነው ወረቀቱ ራሱ ይነግረናል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ታናሽ ወንድሜ «በአማርኛ የምጽፈው አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል ከምጽፈው ቶሎ ሁለት መልእክት የሚሆነው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ለመጻፍ ማንበብ ነበረብኝ። አንድ የስልክ መልእክት 140 ባይት ብቻ ይይዛል። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ይገባሉ። የእኛ ፊደል ግን በዚያ በ7 ቢቱ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ እያንዳንዱ 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ 70 ብቻ ይገባሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ደስ የሚለው ግን «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል፣ በላቲን አምስት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ቁጥሩ እንደሚያስፈራራው አይደለም። ይህን ለአንድ ልጅ ስል አንብቤ፣ በኮሙኒኬሽን ኮርስ ላይ ሲመጣ እንደ ድሮ ጓደኛ ተቀበልኩት።

ቃሉ ከጋራዡ ይምጣ

«አማርኛ ለቴክኖሎጂ ቃል የለውም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ጋራዥ ገብተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ እየተባለ መኪና ሲፈታና ሲገጠም ዘመናት አልፈዋል። ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ «መኪና» ራሱም እንዲሁ። ሜካኒኮቻችን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ቃሉን ወሰዱ፣ በአማርኛ አረቡት፣ ለልጅ አስተማሩበት። «ኮረንቲ ያዘው» ሲባል የማይገባው ሰው አለ? የቋንቋዎች አካዳሚም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ አሳትሟል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ስጽፍ አየዋለሁ። ሆኖም የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሠራተኛው ምን ይለዋል?» የሚል ነው። ሕዝቡ «ብሬከር» ካለው ብሬከር ነው፤ «ዲቫይደር» ካለው ዲቫይደር ነው። አዲስ ቃል ፈጥሬ ባስደንቀው እንጂ ባልጠቅመው ምን ዋጋ አለው?

ከቃሉ ይልቅ የሚከብደው ማስረዳቱ ነው። ባለማስረዳታችን የሚመጣውን ጉዳት በአንዲት የሰፈራችን እናት ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ሰው ደወለላቸው፤ ሽልማት ደርሶዎታል አላቸው፤ አሁን በመልእክት የሚገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ አላቸው። አነበቡለት። በስልካቸው ያስቀመጡት ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ሰዎች «የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይስጡ ሲባል አልሰሙም?» ብለው ተቆጧቸው። እሳቸው ግን ሰምተዋል። «የሚስጥር ቁጥሬን እኮ አልሰጠሁም። ይሄ እኔ ያወጣሁት አይደለም፤ አሁን የመጣ ቁጥር ነው» አሉ።

ይህን ንግግር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እናታችን ሞኝ አይደሉም፤ የተነገራቸውን ማስጠንቀቂያ በቃሉ አክብረዋል። «አትስጡ» የሚለው ትእዛዝ ደርሷቸዋል፤ «ለምን» የሚለው ግን አልደረሳቸውም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እርስዎ ያወጡት የሚስጥር ቁጥር የቤትዎ ቁልፍ ነው። በመልእክት ድንገት የሚመጣው ቁጥር ደግሞ «በር ላይ ያለው ሰው የቤቱ ባለቤት ነው ወይ?» ተብሎ ለእርስዎ ብቻ የሚላክ ጥያቄ ነው። ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሲያነቡለት «አዎ፣ እሱ እኔ ነው፤ አስገቡት» ማለትዎ ነው። እርስዎ ራስዎ ምንም ሳይጀምሩ ቁጥሩ ከመጣ ሌላ ሰው በሩን እያንኳኳ ነው። ይህች ገጽ ከጻፍኳቸው ሁሉ በብዛት የተባዛችው ናት። የጠፋውን ገንዘብ አልመለሰችም። ነገር ግን አንዲት ሌላ እናት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግተው «እሱ እኔ አይደለም!» ማለታቸውን ነግረውኛል።

ከማን ሰማኸው?

መጻፍ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በአማርኛ የሚሰራጭ የቴክኖሎጂ ምክር አሁንም ሞልቷል፤ አብዛኛው ምንጩ አይታወቅም። ውሃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ሩዝ ውስጥ ቅበሩት ይባላል። ስልክ አምራቾች ግን ይህን አይመክሩም፤ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል። የሚሻለው አጥፍቶ፣ ቻርጅ ሳያደርጉ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አቆይቶ ማድረቅ ነው። ስልክ 100 እስኪሞላ ካልጠበቃችሁ፣ ዜሮ እስኪገባ ካልጨረሳችሁ ባትሪው ይበላሻል የሚባለውም ከድሮ ባትሪዎች ዘመን የቀረ ነው። የዛሬው ሊቲየም ባትሪ የሚጎዳው ይልቁንም ሙሉ በሙሉ ባዶ ሲሆንና ሲግል ነው። ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግ ከሁሉ የከፋው ነው።

እኛ በመድረሳ ያደግን ልጆች በዚህ ጉዳይ ሰበብ የለንም። ወሬ ሲመጣ ማጣራት ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ሱረቱል ሑጁራትን የቀራ ያውቃል። ዘገባ ሲነገር «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?» እየተባለ ሰንሰለቱ የሚጠየቅበት ትምህርት ልጆች ነን። ሐዲስ ላይ ኢስናድ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ለሰው ቤት ኤሌክትሪክና ለሰው ገንዘብ ምክር ሲሆን «ተላለፈ» የሚለውን ቁልፍ ብቻ መጫናችን አያምርብንም። በእርግጥ የሁለቱ ደረጃ አንድ አይደለም፤ ልማዱ ግን ልንወርሰው የሚገባ ነው።

እኔ የያዝኩት ልማድ ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያ የአምራቹን መመሪያ ወይም የኮርሱን መጽሐፍ አያለሁ። ቀጥሎ የሚሞከር ከሆነ በእጄ እሞክረዋለሁ። በመጨረሻ በሥራው ላይ ላለ ሰው አስነብባለሁ። የምጣዱን ገጽ ያነበቡልኝ ዲግሪ የሌላቸው፣ ግን ረጅም ዘመን ሽቦ የዘረጉ ጋሼ ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ «የሶኬቱንም ጨምርበት» አሉኝ፤ «ሽቦው ወፍራም ሆኖ ሶኬቱ ከላላ እዚያው ይቃጠላል።» ይህን መጽሐፍ ላይ አላየሁትም። የተማረና የሠራ ሰው ሲገናኙ የሚገኘው ትርፍ ይህ ነው። ከገጹ ግርጌም ሁልጊዜ «ይህን ራሳችሁ አትንኩ፤ ሙያተኛ ጥሩ» የሚለው ወሰን የቱ ጋ እንደሆነ እጽፋለሁ። የቆጣሪ ሳጥን መክፈት ከአንድ ገጽ ጽሑፍ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ለሚቃወሙኝ

በዶርም ስንጨዋወት ሦስት ተቃውሞ ይነሣብኛል። የመጀመሪያው «ሥራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። እኔም የማነበው መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛን ማጥበቅ አለብን። ነገር ግን ሸይኾቻችን አማርኛ ስለፈቱ ዐረብኛቸው አልደከመም። አንዱ ሌላውን አያስወጣም።

ሁለተኛው «አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ፤ የፈለገ ሰው በአማርኛ ጠይቆ ይመለስለታል» የሚል ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች የሚያውቁት ሰው ከጻፈው ተምረው ነው። ስለ እንጀራ ምጣድ፣ ስለ እኛ ሰፈር ሽቦ፣ ስለ እኛ እናቶች ጥያቄ በአማርኛ የጻፈ ከሌለ፣ ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? ከሌላ አገር ኩሽና ያመጣል። እንዲያውም ዛሬ አጣርቶ በአማርኛ መጻፍ ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል፤ የምንጽፈው ነገ ለሰውም ለማሽንም ምንጭ ነው።

ሦስተኛው «እኛ ገና ተማሪዎች ነን፤ ምን አውቀን?» የሚል ነው። ትሕትናው ጥሩ ነው፤ ማምለጫ እንዳይሆን ግን እንጠንቀቅ። በስብሰባችን ሁሉ የአል-ኸዋሪዝሚን ስም እናነሣለን፤ «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል ከስሙ መጣ፣ «አልጀብራ» ከኪታቡ ርዕስ መጣ እያልን እንኮራለን። ይሁንና በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ያ ኪታብ ለምን እንደተጻፈ ብዙ አንናገርም። ውርስ ለሚያካፍሉ፣ ለሚነግዱ፣ መሬት ለሚለኩ፣ ቦይ ለሚቆፍሩ ሰዎች እንዲጠቅም ነው፤ ሰፊው ክፍሉ የኑዛዜና የውርስ ሒሳብ ነው። ፈራኢድ የቀራችሁ ምን ያህል ሰዎችን ከጭቅጭቅ እንደሚያድን ታውቁታላችሁ። ከእሱ የምንወርሰው ኩራቱን ብቻ ከሆነ ወረቀቱን ትተን ሽፋኑን ነው የያዝነው። ሊወረስ የሚገባው የጎረቤትን ችግር ቁጭ ብሎ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ሰው በሚገባው መንገድ መጻፉ ነው። ለዚህ ደግሞ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ ያወቁትን ያህል ጽፎ ወሰኑን ማወቅ ይበቃል።

ምን እናድርግ?

ለጀማዓችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ እናውጣ። የኤሌክትሪካል ተማሪ ስለ ቤት መስመር፣ የሲቪል ተማሪ ስለ ቤት መሠረትና ስለ ሲሚንቶ አደባለቅ፣ የሶፍትዌር ተማሪ ስለ ስልክ ደኅንነት፣ የጤና ተማሪዎች ደግሞ ስለ ስኳርና ደም ግፊት መለኪያ መሣሪያዎች ይጻፉ። እያንዳንዱ ገጽ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሲኒየርና አንድ በሥራው ላይ ያለ ሙያተኛ ይየው። ጸሐፊው ስሙንና ያጣራበትን መንገድ ከታች ያስፍር።

በአማርኛ ብቻ አልልም። በመካከላችን ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ሐረሪ የሚናገሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ጥያቄ ይዛ የምትጠብቅ እናት አለቻቸው። አንዱ በአንዱ ቋንቋ የጻፈውን ሌላው ወደ ራሱ ይመልሰው። ስድስት ቋንቋ የሚችል ጀማዓ ይዘን በአንድ በእንግሊዝኛ ብቻ ማወቃችን ያስቆጫል።

በመጪው ዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ የሚጠየቁትን አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። «ይህን አልተማርነውም» ከማለት በፊት ለሦስት ቀን አንብቡት፣ ሞክሩት፣ ሠራተኛ ጠይቁበት። ከዚያ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለጠያቂያችሁ አንብቡላት። የት ላይ ግንባሯን እንደቋጠረች አስተውላችሁ ያን መስመር እንደገና ጻፉት። ስትመለሱ ገጹን ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ እዚሁ ጋዜጣችን ላይ እናወጣዋለን።

አላህ በተማርነው የምንጠቀምና የምንጠቅም ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።